የልደት ደስታ ከየት ይጀምራል? ጾመ ነቢያትና የገና ዝግጅት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የወጣ)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከተማሪዎች ዘንድ በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ አገር በሐዘን ላይ ሳለ፣ ኑሮም ከብዶ ሳለ፣ ለልደት ደስ ይበላችሁ የሚለው የቤተ ክርስቲያን ጥሪ ምን ማለት ነው? ደስታውስ ከየት ይመጣል? ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ማለትም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለሚመጣ ወጣት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ይህ አገር የድርቅንም የጦርነትንም ጠባሳ የተሸከመ አገር ነውና።

መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። ጥያቄው የተነሣበት አገር ራሱ መልሱን ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሥርዓቱ ውስጥ አኑሮት ይገኛል። በጉና ተራራ ምሥራቅና ደቡብ የተዘረጋው ይህ አገር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት ከተተከለባቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ የጾመ ነቢያትን አቆጣጠርና ይዘት፣ የዜማ ቤቱን ሕይወት፣ የገበሬውንና የእመቤቲቱን የበዓል ዝግጅት በየተራ በማንሣት አንድ ሐሳብ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ሐሳቡም ይህ ነው፦ በዚህ ትውፊት የልደት ደስታ በታኅሣሥ 29 ቀን ድንገት የሚመጣ አይደለም፤ በዝግጅቱ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠራቀም ነው።

ስለ ቃላቱ

አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ይገባል። በዛሬው አማርኛ ሁሉንም «ደስታ» ብለን እንጠራዋለን። ግእዙ ግን ይለያል። «ተድላ» የሚለው ቃል ምቾትንና ድሎትን ያመለክታል፤ ሆድ ሲጠግብ፣ ልብስ ሲያምር፣ ቤት ሲሞላ የሚሰማንን ነው። «ፍሥሓ» ልብ ሲከፈት የሚገኝ ደስታ ነው። «ሐሤት» ደግሞ ከውስጥ ሞልቶ ወደ ውጭ የሚፈስ፣ አካልንም ጭምር የሚያንቀሳቅስ ደስታ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ገና ያልተወለደው ዮሐንስ በእናቱ በኤልሳቤጥ ማሕፀን ሳለ መዝለሉ የሚነገረው ስለዚህ ዓይነቱ ደስታ ነው።

ልብ በሉ፤ ዮሐንስ የዘለለው ጌታ ከመወለዱ በፊት ነው። የወንጌሉ የመጀመሪያ ሐሤት የተሰማው በመጠበቅ ላይ በነበሩ ሁለት እናቶች መካከል ነው። አንዲቱ በእርጅናዋ የፀነሰች፣ ሌላይቱ ነገሯ ለሰው የማይገባ ወጣት ድንግል ናት። ሁለቱም ገና አልወለዱም፤ ሁለቱም ግን ደስ ብሏቸዋል። እንግዲህ ተድላ የሚገኘው የተመኙት ነገር እጅ ሲገባ ነው። ሐሤት ግን የተስፋውን ቃል የሰጠው ማን እንደሆነ ካወቁበት ሰዓት ይጀምራል። ይህን ልዩነት ከያዝን የጾሙን ሥርዓት መረዳት ቀላል ይሆንልናል።

የጾሙ አቆጣጠር የሚናገረው

ጾመ ነቢያት ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 28 ሲቆጠር 44 ቀን ይሆናል። አባቶች ቁጥሩን እንዲህ ይከፍሉታል፦ 40ው ቀን የነቢያት ጾም፣ 3ቱ ቀን የአብርሃም ሶርያዊ ጾም፣ 1ዱ ቀን ደግሞ የልደት ገሃድ ነው።

40ው ቀን ነቢያት የጌታን መምጣት እየናፈቁ የጾሙትን ያስታውሰናል፤ ሙሴም በሲና ተራራ 40 ቀን መጾሙን ያስታውሰናል። 3ቱ ቀን ግን ከሌላ ታሪክ የመጣ ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት አብርሃም ሶርያዊ በነበሩበት ጊዜ፣ የአገሩ ገዥ የክርስቲያኖቹ እምነት እውነት ከሆነ የሙቀጠምን ተራራ በጸሎት አንቀሳቅሱ ብሎ እንዳስጨነቃቸው ይተረካል። ሊቀ ጳጳሳቱና ምእመናኑ 3 ቀን ጾመው ጸለዩ። ጸሎቱን የመራው ግን ከመኳንንቱም ከሊቃውንቱም ወገን አልነበረም፤ ስምዖን የተባለ ቆዳ የሚፋቅ፣ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነበር።

ይህን ታሪክ በእኛ አገር ስናነበው አንድ ነገር ሊቆረቁረን ይገባል። በአማራ አገር ቆዳ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ብረት ቀጥቃጩ ለረጅም ዘመን ሲናቁ፣ «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ጾመ ነቢያት ግን ቆዳ ፋቂውን ስምዖንን እያሰበ ይጾማል። በየቤተ ክርስቲያኑ የምናከብራቸው መጻሕፍት የተጻፉት በፍየልና በበግ ቆዳ፣ በብራና ላይ ነው። ቆዳውን የሚዘረጋ፣ የሚፍቅና የሚያለሰልስ እጅ ባይኖር ኖሮ ድጓውም ስንክሳሩም አይኖርም ነበር። መልአኩ ለእረኞች ያበሠረው ደስታ ለሕዝብ ሁሉ እንደሆነ ወንጌሉ ይነግረናል። እንግዲያው ለገና የሚዘጋጅ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከደስታው ማዕድ ያገለለው ሰው እንዳለ ራሱን መመርመር ነው።

ስለ ዕለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ገና ስለ ምን አንዳንድ ዓመት ታኅሣሥ 28 ይውላል? ምክንያቱ የፅንሰቱ ዘመን ነው። ቤተ ክርስቲያን ብሥራቱን በመጋቢት 29 ታከብራለች። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው፤ 5ቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን፣ ይኸውም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ያርፋል። በዓሉም አንድ ቀን ቀድሞ ይከበራል። ይህ ሒሳብ ብቻ አይደለም። የበዓሉ ዕለት የሚወሰነው አንዲት እናት ልጇን በማሕፀኗ በተሸከመችባቸው ቀናት ልክ ነው። ከእነዚህ ቀናት አንዱም እንዳይጎድል ሲባል የበዓሉ ዕለት ይሸጋሸጋል። መጠበቁ ራሱ የተቆጠረና የተከበረ ነው ማለት ነው።

ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ

ከልደት በፊት ያሉት ሦስት ሳምንታት ስም አላቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ይባላል። በየሳምንቱ የሚውለው እሑድም በዚያው ስም ይጠራል። ምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ከልደት በፊት አራት እሑዶችን እንደሚያከብሩ ይታወቃል፤ የእኛ ሦስቱ ሳምንታትም ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ዓላማ አላቸው። ይዘታቸው ግን የራሳቸው ነው።

በስብከት ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት ያስተማሩት ይታሰባል። መዝሙረኛው ዳዊት እግዚአብሔር እጁን ከላይ ዘርግቶ እንዲያድነው የለመነው ልመና በዚህ ሳምንት ይዜማል። በብርሃን ያው ዳዊት ብርሃንና እውነት እንዲላክለት የጠየቀው ይታሰባል። በኖላዊ ደግሞ ሕዝቡን እንደ መንጋ የሚመራው እረኛ እንዲገለጥ ይለመናል፤ «ኖላዊ» በግእዝ እረኛ ማለት ነውና።

የሦስቱን ቅደም ተከተል አስተውሉ። መጀመሪያ ቃል ይሰማል፤ ቀጥሎ ብርሃን ይጠየቃል፤ በመጨረሻ እረኛ ይፈለጋል። ሰው በመከራ ውስጥ ሲሆንም የሚያስፈልገው በዚሁ ተራ ነው። በመጀመሪያ አለመረሳቱን የሚነግረው ቃል ይሻል። ቀጥሎ መንገዱን የሚያይበት ብርሃን ይሻል። በመጨረሻ ግን ቃልም ብርሃንም ብቻውን አይበቃውም፤ አብሮት የሚሄድ ይፈልጋል። ልደት የዚህ የመጨረሻ ልመና መልስ ነው። የአማኑኤል ስም ትርጓሜም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሌላም የምትታወቅ ምልክት አለች። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ጾመ ድጓን ያዜማሉ። በጾመ ነቢያት ግን እንዲህ አይደለም። ኅዳር 21 በጽዮን፣ ታኅሣሥ 3 በበዓታ፣ ታኅሣሥ 19 በገብርኤል፣ ጾሙ ሳይፈታ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉም ይንሿሿል። ሰውነት እየጾመ ማኅሌቱ ይቆማል። ሥርዓቱ ራሱ ጾምና ደስታ የማይጣሉ መሆናቸውን በከበሮ ድምፅ ያስተምራል።

ቤተልሔም በጋይንት

አሁን ወደ አገሩ እንመለስ። በጋይንት ቤተልሔም የሚባል ጥንታዊ ደብር አለ። ከውጭ ሲታይ እንደ ሌሎቹ ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ሕንጻ ታቅፎ የሚገኝ፣ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ፣ እጅግ ያረጀ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት ይህን ያዩ የውጭ አገር ተመራማሪዎች በመደነቅ ጽፈውለታል።

ለአገራችን ሊቃውንት ግን ቤተልሔም ከሕንጻው ይልቅ የሚታወቀው በድጓው ነው። የድጓ ምስክር ቤት ነው። በሌላ አገር ድጓን የተማረ ሰው ትምህርቱን አጽንቶ ለማስመስከር ወደዚህ ይመጣል። በዚያው በጋይንት የሚገኘው ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው፤ ትውፊቱም ቦታውን በ6ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ከነበሩት ከቅዱስ ያሬድና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ያያይዘዋል። እንግዲህ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜመው የልደት ማኅሌት በአገሪቱ በየትኛውም ደብር ሲቆም፣ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ከዚህ ደጋ የተማረ ሰው ድምፅ አለበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድጓ ተማሪ ኑሮ ምን ይመስላል? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ከውሻ ጋር ይታገላል። በጉና ነፋስና በታኅሣሥ ውርጭ ውስጥ በትንሽ ጎጆ ያድራል። ድጓን ለመጨረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ መጽሐፉን በእጁ የሚጽፍም አለ። ከመስመሩ በላይ ያሉት ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ ይነገራል። ተማሪው እነዚህን ሁሉ ከየኔታ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል።

ይህ ተማሪ የልደትን መዝሙር የሚያጠናው ምናልባት ከልደት ወራት በፊት፣ ምናልባትም ከልደት ብዙ ወራት በኋላ ነው። በሰኔ ዝናብም ቢሆን የታኅሣሥን ቃል ያኝካል። በርሃብ ላይ ሆኖ ስለ ምሥራች ያዜማል። ደስታው ከኑሮው ምቾት እንዳልመጣ ግልጽ ነው። ከየት መጣ? ከተሸከመው ቃል ነው። ቃሉን ብዙ ዓመት ስለተሸከመው፣ በልደት ሌሊት ሲያዜመው ከልቡ ይወጣል። በዚያ ሌሊት እኛ የምንሰማው የአንድ ሌሊት ዜማ አይደለም፤ የብዙ ክረምት ጥናት ነው።

ቤተልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት፣ የዳቦ ቤት ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥም ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ቤተልሔም ትባላለች። ብዙዎቻችን በአጠገቧ እናልፋለን፤ ልብ አንላትም። ዲያቆኑ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ በዚያ ስንዴውን ያዘጋጃል፤ ማንም ሳያየው እሳት ያነዳል። እንግዲህ ሦስት ቤተልሔሞች አሉን፦ ጌታ የተወለደባት የይሁዳ ቤተልሔም፣ ድጓ የሚመሰከርባት የጋይንት ቤተልሔም፣ በየደብሩ ኅብስት የሚጋገርባት ቤተልሔም። ሦስቱም የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ትንንሾች ናቸው፤ ከዓይን የራቁ ናቸው፤ ለብዙዎች የሚሆን ነገር ግን ከእነርሱ ይወጣል። የእስቴ ወረዳ ከተማም መካነ ኢየሱስ ይባላል። የአገሩ ስሞች ራሳቸው ልደትን ሲያስታውሱ ይኖራሉ።

አውድማና ጓዳ

ከሊቃውንቱ ወደ ገበሬው እንለፍ። ኅዳርና ታኅሣሥ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው። በደጋው ገብሱና ስንዴው፣ በወይና ደጋው ጤፉ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ማሽላው ይሰበሰባል። ጾመ ነቢያት የሚውለው በዓመቱ እጅግ አድካሚ ከሆኑት ሥራዎች በአንዱ ላይ ነው። ለዚህም ይመስላል ብዙ ሰው ይህን ጾም «የቄስ ጾም» እያለ ሲያቃልለው የሚሰማው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ጾሙን ለሁሉ ያወጀ ነው።

ገበሬው በጾም ሲያጭድና ሲወቃ አንድ ልዩ ነገር ይሆናል። እህሉ በእጁ ነው፤ ጎተራው እየሞላ ነው፤ ግን ድግስ ገና ነው። ሙሉ ጎተራ ይዞ መጠበቅ ባዶ ጎተራ ይዞ ከመጠበቅ የተለየ ትምህርት አለው። ሰው ሀብቱን ከማጣጣሙ በፊት ከየት እንዳገኘው ያስባል። በወንፈልና በደቦ ሲሠራም የብቻውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ላብ በእህሉ ውስጥ ያያል። በዓሉ ሲደርስ ምርቱን ለመካፈል ልቡ የሚዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ ጓዳው ደግሞ ሳይነገር የሚቀር ነገር አለ። የገና ዝግጅት ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። ብቅሉን ማብቀል፣ ጌሾውን መውቀጥ፣ ጠላውን ከጥንስስ እስከ ድፍድፍ ማድረስ፣ ቤቱን መለሰን፣ ልብስ ማጠብ፣ በርበሬ ማዘጋጀት፣ ዳቦ መድፋት፣ ሽንኩርት መክተፍ፤ ይህ ሁሉ ከአጨዳው ሥራ ላይ ይደረባል። እንግዳው ሲመጣ ሁሉም ተሰናድቶ ያገኛል፤ ያሰናዳችው ግን በማኅሌቱ ሌሊት በድካም ታንቀላፋለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ማርታ በአገልግሎት ስትባክን እኅቷ ማርያም በጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ትማር እንደነበር ተጽፏል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ማርታን ለመንቀፍ እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ በዚያ ቤት የነበሩት ወንዶች ለምን አልተነሡም? ጠላውን የሚጠጣና ዶሮውን የሚበላ ሁሉ ውሃ ቢቀዳ፣ እንጨት ቢፈልጥ፣ ልጅ ቢይዝ እመቤቲቱም ማኅሌት ለመስማት ትደርሳለች። በቤት ውስጥ መንፈሳዊ ደስታ ከሚገኝባቸው መንገዶች አንዱ ሸክምን መካፈል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም እርስ በርስ ሸክምን መሸከም የክርስቶስን ሕግ መፈጸም እንደሆነ ለገላትያ ሰዎች ጽፎላቸዋል።

የእረኞች ጨዋታና የላሊበላ መንገድ

እህሉ ሲነሣ ሜዳው ባዶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የገና ጨዋታ ይጀመራል። ወጣቶች ጫፉ ቆልመም ያለ የገና ዱላ ይዘው፣ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ሩሯን ይለጋሉ። ትውፊቱ ጨዋታውን የምሥራቹን ከሰሙት ከቤተልሔም እረኞች ጋር ያገናኘዋል፤ በደስታ ዱላቸውን እያወዛወዙ ተጫወቱ ይባላል። በዚህ ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ ጌታው ቢመታም አይቆጣም የሚል የታወቀ አባባል አለ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በባላባትና በጭሰኛ፣ በጌታና በአሽከር በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ፣ በዓመት አንድ ሰሞንም ቢሆን የክብር ወንበር የሚነሣበት ሜዳ ነበር። የሰማይ ጌታ በግርግም ከተኛ፣ የምድር ጌታ በሜዳ ላይ በዱላ ቢነካ ምን ይሆናል? ጨዋታው ይህን ትምህርት በአካል ያስተምር ነበር።

ሌላው የዝግጅት መንገድ ጉዞ ነው። ከጎጃምና ከጎንደር ወደ ላሊበላ ለልደት የሚሄዱ ምእመናን በጋይንት ምድር ያልፋሉ። ዛሬ መኪናው ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ጨጨሆን አልፎ ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ ያደርሳል። ቀድሞ ግን ጉዞው የብዙ ቀን የእግር መንገድ ነበር፤ ዛሬም ስለ ስእለት በእግሩ የሚጓዝ አለ። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት በአንድነት ይከበራል። ካህናቱም በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ እኩሌቶቹ ከላይ በገደሉ አፋፍ፣ እኩሌቶቹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ቤዛ ኵሉን ያዜማሉ። መላእክትና እረኞች በአንድነት እንዳመሰገኑ ያሳያሉ።

በዚህ ጉዞ የመንገዱ ነዋሪም ድርሻ አለው። «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ የመጣን መንገደኛ እግሩን አጥቦ፣ ቆሎና ጠላ አቅርቦ ማሳደር የአገሩ ወግ ነው። ሁሉም ላሊበላ አይደርስም። ድካሙ፣ ዕድሜው ወይም አቅሙ የከለከለው ሰው ግን ደራሹን በመቀበል ከበረከቱ ይካፈላል። በይሁዳ ቤተልሔም ለማርያምና ለዮሴፍ ማደሪያ አልተገኘም ነበር። በጋይንት መንገድ ዳር በሩን የሚከፍት ሰው ያንን የተዘጋ በር መልሶ እየከፈተ ነው።

ሐዘን ባለበት ቤት

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እመለሳለሁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎተራው ባዶ ለሆነ፣ ልጁ ለሞተበት ሰው ምን እንላለን?

ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በድርቅ ተደጋግመው የሚጠቁ ወረዳዎች ናቸው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ትዝታ ከአረጋውያን ልብ አልጠፋም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲታገዙ የኖሩ ብዙ ቤተሰቦችም አሉ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ በሕዝቡ ላይ፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ ከባድ በደል ተፈጽሟል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ብዙ ቤት አፍርሷል። እነዚህን ነገሮች እንዳልሆኑ አድርጎ ስለ ደስታ መናገር ሐሰት ነው።

በመጀመሪያ መለየት የሚገባን ጾምና ረሃብ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ጾም ሰው በፈቃዱ የሚተወው ነው፤ ረሃብ ግን የሚደርስበት በደል ወይም መከራ ነው። ለተራበ ሰው ጾምን መስበክ አይገባም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚመርጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ፣ ስደተኛውን ወደ ቤት ማስገባት፣ የታረዘውን ማልበስ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። እንግዲያው በጾመ ነቢያት የምንቆጥበው ምሳ የእኛ አይደለም፤ የሌላ ሰው ነው። ያልተሰጠ ጾም ቁጠባ ይሆናል እንጂ ጾም አይሆንም።

ሁለተኛ፣ የልደት ታሪክ ራሱ ሐዘንን አልሸሸገም። ሔሮድስ የቤተልሔምን ሕፃናት አስፈጅቷል፤ የእናቶቹ ልቅሶ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ከሰብአ ሰገል ደስታ ጋር በአንድ ምዕራፍ ተጽፏል። ቅዱሱ ቤተሰብም ወደ ግብፅ ተሰዷል። ወንጌላዊው ከደስታው ታሪክ ልቅሶውን ቆርጦ አላወጣም። እኛም ማውጣት የለብንም። ሐዘንተኛው በልደት ቀን ቢያለቅስ በዓሉን አላፈረሰም፤ በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ቦታ አለው።

ሦስተኛ፣ አገሩ ለዚህ የሚሆን ወግ አለው። ሐዘን ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ለበዓል አይደግስም። ጎረቤት ግን ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደዚያ ቤት ይሄዳል፤ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል፤ ደስ ይበልህ ብሎ አያስገድደውም። ዝም ብሎ አብሮ ይውላል። የኖላዊ ሳምንት ልመና በጎረቤት እጅ የሚመለሰው እንዲህ ነው። መንፈሳዊ ደስታ ሐዘንን የሚያባርር ሳይሆን ሐዘንተኛውን ብቻውን የማይተው ደስታ ነው።

አራተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ዕርቅ ነው። በአገራችን የደም ጥላ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ክፉ ውርስ ሆኖ ቆይቷል። ሽማግሌዎችና የንስሓ አባቶች ደመኞችን ለማስታረቅ የሚደክሙትን ድካም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መላእክት በልደት ሌሊት ያወጁት በምድር ላይ ስለሚሆን ሰላም ነው። ቂም ይዞ ማኅሌት የሚቆም ሰው ድምፁ ቢያምርም ዜማው አልሰመረለትም። ዕርቅ ማለት ግን በደልን መርሳት አይደለም። እውነቱ ተነግሮ፣ ካሣው ተከፍሎ፣ በቀሉ የሚቆምበት መንገድ ነው። 44 ቀን ለዚህ አጭር አይደለም፤ ለመጀመር ይበቃል።

ምን እናድርግ?

ለንግግሬ ማጠቃለያ እንዲሆን፣ በተለይ ለተማሪዎች፣ ከሥርዓቱ የሚወጡ አራት ቀላል ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛ፣ ሦስቱን ሳምንታት በስማቸው እንወቃቸው። በስብከት አንድ የነቢይ መጽሐፍ፣ ለምሳሌ ሚክያስን፣ በሙሉ እናንብብ፤ ሰባት ምዕራፍ ብቻ ነው። በብርሃን አንድ የተደበቀ ነገራችንን ለንስሓ አባታችን ወደ ብርሃን እናውጣ። በኖላዊ አብሮት የሚሄድ የሌለውን አንድ ሰው እንፈልግ።

ሁለተኛ፣ ለበዓሉ ስንል ዕዳ አንግባ። በከተማ እየተለመደ የመጣው ከአቅም በላይ መደገስ ተድላን እንጂ ሐሤትን አይጨምርም፤ በጥር ወር ደግሞ ሁለቱንም ይወስዳል። በሬውን በቅርጫ ተካፍሎ መግዛት የቆየ ጥበብ ነው። ከቅርጫውም አንድ መደብ ለችግረኛ ቤት ቢወጣ ጥበቡ ወደ ጽድቅ ያድጋል።

ሦስተኛ፣ የአብነት ተማሪውን እናስብ። ቤተልሔምና ዙር አምባን የመሳሰሉ ጉባኤ ቤቶች የቆሙት በመንደርተኛው ቁራሽ ነው። መንደሩ ሲራብ ተማሪው ይበተናል፤ ተማሪው ሲበተን ከዐሥራ አምስት ምእት ዓመት የተሻገረ የሚባለው ዜማ አፍ ያጣል። ለገና ከምናወጣው ወጪ ጥቂቱ ለአንድ የድጓ ተማሪ ቀለብ ቢሆን የመጪዎቹን ዓመታት ልደትም አከበርን ማለት ነው።

አራተኛ፣ በልደት ሌሊት ከምግቡ በፊት ማኅሌቱን እንስማ፤ ቃሉንም አስቀድመን እንጠይቅ። በጣና ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በቤሩት የሚኖር የዚህ አገር ልጅ ዜማው ከየት እንደመጣ ቢያውቅ በማይገባው ቋንቋ እንደተዜመ እንግዳ ነገር አይሰማውም፤ የአያቶቹን ድምፅ ያገኝበታል።

ውድ አድማጮቼ፣ ደስታው ከየት ይጀምራል ላላችሁት፣ ከበዓሉ ዕለት አይጀምርም። ጎረቤት ከሐዘንተኛ ጋር ከሚቀመጥበት፣ ባል ለሚስቱ ውሃ ከሚቀዳበት፣ ተማሪ በውርጭ ከሚያዜምበት፣ ዲያቆን ማንም ሳያየው እሳት ከሚያነድባት ከዚያች ትንሽ ቤት ይጀምራል። በየደብራችሁ ቤተልሔም አለች። በዚህ ሳምንት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ቆም ብላችሁ እዩአት።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ልደቱ ያድርሰን።